የዳኛን ቤትና ቤተሰብ ደኅንነት እንዴት መጠበቅ ይቻላል

ልደታ ወይም አራዳ ምድብ ችሎት የሚያስችል ዳኛ በሥራ ሰዓት ፍተሻና ፖሊስ አለለት። ለቤተሰቡ ግን ይህ ጥበቃ የለም። በዳኝነትም በዐቃቤ ሕግነትም ማፊያን የታገለው ጣሊያናዊ ፓውሎ ቦርሴሊኖ ሐምሌ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ፓሌርሞ ውስጥ ከ5 አጃቢ ፖሊሶቹ ጋር የተገደለው እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ነው፤ ቦምቡ የተጠመደው በራቸው ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የአንዲት ፌዴራል ዳኛን ልጅ የገደለው ደግሞ ዕቃ አድራሽ መስሎ ቤታቸው የመጣ ጠበቃ ነው፤ ችሎታቸው ላይ ጉዳይ ነበረው። ሁለቱም ቀን እሑድ ነበር።

መጀመሪያ የቤተሰቡ አፍ

ከአጥርና ከካሜራ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ ወጪም የለውም። «ጋሼ አሉ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዘበኛው ወይም ሠራተኛዋ በየዋህነት «የሉም፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚገቡት» ይላሉ። ጠያቂው ዳኛው የሚገቡበትን ሰዓትም፣ እስከዚያ ቤቱ ያለ እሳቸው መሆኑንም ዐወቀ። ልጆችን ጨምሮ ለሁሉም አንድ መልስ ያስጠኑ፦ «ስምዎንና ስልክዎን ይተዉልኝ፣ እነግርልዎታለሁ።» አሉም የሉምም አይባልም። ባለጉዳይ ሽማግሌ፣ ንስሐ አባት ወይም የአገር ልጅ ቢልክም መልሱ አይለወጥም። ዛሬ በልመና የመጣ ነገ በዛቻ ሊመጣ ይችላልና የመጣው ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት በደብተር ይመዝገብ።

በር

ማንም ያላዘዘው ዕቃ ሲመጣ በር አይከፈትም። አድራሹ ውጭ ቆሞ የተቀባዩን ሙሉ ስም ይናገር፣ ለተቀባዩ ተደውሎ ይረጋገጥ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በሩ ላይ ማጮለቂያ ያስገጥሙ፤ የኮሪደሩ አምፖል ከተቃጠለ ግን ማጮለቂያው ዋጋ ስለሌለው አምፖሉን የጋራ ነው ብለው አይተዉት። ግቢ ካለ ዘበኛው በሩን ሳይከፍት የሚያይበት ትንሽ መስኮት ያስፈልገዋል።

ካሜራ የሚሰቀለው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ የሚያሳየው ኮፍያ እንጂ ፊት አይደለም። ጥራቱ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ሆኖ ከተቀረጸ አንዱ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ አራት ካሜራ ለ30 ቀን ወደ 2.6 ቴራባይት ይፈልጋል። ሻጮች ብዙ ጊዜ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ይሰጡና ቅጂው ከ11 ወይም ከ12 ቀን በኋላ ራሱን ይደመስሳል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት በሩን ሲያጠና የነበረ ሰው ሲፈለግ የለም። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ መቅረጫውን ከዩፒኤስ ጋር ያገናኙ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም በገጠሙበት ቀን ይቀይሩ።

ስልክና መዝገብ

ቴሌግራም ላይ የግላዊነት ቅንብር ውስጥ ገብተው ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያየው ያድርጉ፤ የልጆችን ስልክም አብረው ያስተካክሉ። ቴሌብር ገንዘብ ለሚልክ ሰው የባለቁጥሩን ስም ስለሚያሳይ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡት ቁጥር የተለየ ይሁን። ብዙ ሰው የሚረሳው የእድሩን መዝገብ ነው፤ የቤት ቁጥርና ስልክ ተጽፎ እጅ በእጅ ይዞራል። ለጸሐፊው ቀርበው ስልኩ በሌላ ዘመድ ስም እንዲያዝ ይጠይቁ። የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሡ የልጆች ፎቶዎች ትምህርት ቤቱን ስለሚናገሩ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ይነሡ። ትምህርት ቤቱ ልጁን ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎችን ስም በጽሑፍ ይያዝ፤ «አባቱ ልኮኝ ነው» የሚል ሰው ልጁና ወላጁ ብቻ የሚያውቁትን ቃል ካልተናገረ አይሰጠው።

መንገድ

ከልደታ በሜክሲኮም፣ በአብነትም፣ በጦር ኃይሎችም መውጣት ይቻላልና መንገዱንና ሰዓቱን ማቀያየር ቀላል ነው። የማይቀየረው የሰፈሩ መግቢያ የመጨረሻው 200 ሜትር ነው። እዚያ ሲደርሱ ስልክ አያናግሩ፤ የማያውቁት መኪና ሰው ተቀምጦበት ከቆመ አይግቡ፣ አልፈው ሰው ወደሚበዛበት ይሂዱና ይደውሉ። ትራፊክ ላይ ሲቆሙ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልት ሲነካ እስኪታይ ድረስ ርቀት ይተዉ፤ ካልሆነ ማምለጫ የለም። እናትን በየሳምንቱ እሑድ በአንድ ሰዓት መጠየቅም እንደ ሥራ መንገድ ይቆጠር፤ ቀኑ ይቀያየር።

ዛቻ ሲመጣ

አይመልሱ፣ አያጥፉ። የስልክ መልእክት ከሆነ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው እንዲታዩ ስክሪኑን ያንሡ፤ በቃል ከሆነ ቃሉን ሳያሳምሩ በተነገረበት ሰዓት ይጻፉ። ደብዳቤ ከሆነ በጥግ ይያዙትና በወረቀት ፖስታ ያስገቡት፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና አሻራውን ያበላሻል። አስቸኳይ ከሆነ በ991 ፖሊስ ይጥሩ። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር። በስልክ ብቻ የተነገረ ዛቻ ሁለተኛው ሲመጣ እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል።

ዛቻ ስለደረሰ ብቻ ከያዙት ጉዳይ ዳኝነት መነሣት መፍትሔ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኝነትን ከማንኛውም ተፅዕኖ ነፃ ያደረገው ባለጉዳይ በማስፈራራት ዳኛ እንዳይመርጥ ጭምር ነው። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ የሚጠይቁት ጥበቃ በስም ይጠቀስ፦ የቤት ጥበቃ ለስንት ሰዓት፣ አጃቢ ከየት እስከ የት፣ ለልጆች የትምህርት ቤት መንገድ ምን እንደሚደረግ። «ጥበቃ ይደረግልኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ማንም ሳይመደብበት ሊቀር ይችላል።