በርበሬው ጓጎለ፣ ቡናው ተነፋ፦ የባልትና ማሸጊያ ችግርና መፍትሔ

በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቡና አሽጎ መሸጥ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ላስቲክ ይሻላል?» ብሎ ነው። ላስቲክ ሻጩም ያለውን ያሳየዋል። ወፈር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዚፕ ያለው። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ ላስቲኩ ላይ ይላከካል።

በእኔ እምነት ከሚመለሰው ዕቃ ብዙው የሚበላሸው ገና ሳይታሸግ ነው። ማሸጊያ የገባበትን ነገር ባለበት ያቆያል እንጂ አያሻሽለውም። ስለዚህ ሌላ ከረጢት ከማዘዛችሁ በፊት የተመለሰውን አንዱን ክፈቱና ረጋ ብላችሁ እዩት። ምን እንደነካው ራሱ ይነግራችኋል።

«በርበሬው ጓጎለ»

የጓጎለው የት ጋ ነው? መጀመሪያ ይህን እዩ።

ከላይኛው ክፍልና ከጠርዙ ጋ ብቻ ተጣብቆ ከሆነ ትኩስ እያለ ነው የታሸገው። ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ይሞቃል። ሙቀቱን እንደያዘ ሲታሸግ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ዱቄቱን ያጣብቀዋል። በአንድ ጥግ ወይም አፉ አካባቢ ብቻ ከጓጎለ ደግሞ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ከላይ እስከ ታች ከጓጎለ ግን ዛላው በደንብ ሳይደርቅ ነው የተፈጨው። ወይም ከተፈጨ በኋላ እርጥብ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ትኩስ ለታሸገው መፍትሔው ጊዜ መስጠት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ። ላዩ ቀዝቅዞ መሃሉ ሊሞቅ ስለሚችል እጃችሁን ክምሩ መሃል ድረስ አስገብታችሁ ዳስሱት። ማታ የተፈጨውን ጠዋት ማሸግ ጥሩ ልማድ ነው። ደንበኛ ቢቸኩልም እንኳ ይህችን ሌሊት አትዝለሏት።

ዛላው ደርቋል ወይ የሚለውን ለማወቅ ከእንጨቱ በኩል ያለውን ወፍራሙን ጫፍ ስበሩት። መጨረሻ ላይ የሚደርቀው እሱ ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይፈጫል። ከተለመጠ ገና ይቀረዋል። ክብደት እንዲጨምር ወይም አቧራው እንዳይቦን ብሎ ውኃ መርጨት ደግሞ በጭራሽ አይደረግም።

እዚህ ላይ ስለ ሻጋታ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ከጓጎለው መሃል ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በወንፊት ነፍታችሁ መልሳችሁ አትሽጡ። በርበሬ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ወጥ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ቢቁላላም አይጠፋም። ሻጋታው ቢነፋ እንኳ መርዙ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በዓይንም በምላስም አይታወቅም። የሻገተ በርበሬ ይጣላል፣ አለቀ።

ከረጢት ውስጥ የምትገባዋ የእርጥበት መምጠጫ ሲሊካ ጄልም ብዙ ተስፋ አይጣልባት። የምትይዘው ጥቂት እርጥበት ነው። ያልደረቀ በርበሬን አታደርቅም።

«ቀለሙ ነጣ»

ቀዩ በርበሬ ወደ ብርቱካንማ ከሄደ፣ ከዚያም ገርጥቶ ከቆየ ተጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው። ብርሃንና አየር። በርበሬን ቀይ የሚያደርጉት ቀለሞች ሁለቱንም አይችሉም።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከአንድ ቀን ምርት ሁለት ከረጢት ውሰዱ። አንዱን ሱቁ መስኮት ላይ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። የመስኮቱ ብቻ ከነጣ ችግሩ ብርሃን ነው። ሁለቱም እኩል ከነጡ አየር እየገባ ነው፤ ወይም በርበሬው ራሱ የቆየ ነበር።

ለብርሃኑ መፍትሔው ብርሃን የማያሳልፍ ከረጢት ነው። «ደንበኛ ቀለሙን ሳያይ አይገዛም» የሚለው ሥጋት ይገባኛል፣ እውነትም ነው። ግን ለዚያ ብሎ ሙሉውን ምርት ለፀሐይ ማጋለጥ አያስፈልግም። በትንሽ ብርጭቆ ማሳያ አስቀምጡና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ከረጢቱ የግድ መስኮት ይኑረው ከተባለም በጀርባ በኩል ይሁን።

«ሻንጣዬ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ሸተተ»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ይዘው የሚሄዱ ደንበኞች ናቸው። ሦስት አራት ላስቲክ ተደራርቦ፣ በስኮች ተጠቅልሎ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሲደርስ ልብሱ ሁሉ ሸትቷል። ይህ የሚሆነው ላስቲኩ ሳይቀደድ ነው። ተራው ላስቲክ ፖሊኢቲሊን ይባላል። ውኃን ደህና አድርጎ ይከላከላል። የኮረሪማን፣ የጦስኝንና የበሶብላን ሽታ የሚሸከሙት ዘይቶች ግን ሰርገው ያልፉበታል። አየርም እንዲሁ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ደንበኛው ሻንጣው ሲሸት የሚያዝነውን ያህል እናንተ ማዘን ያለባችሁ ቅመሙ መዓዛውን እያጣ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ባለ ብዙ ንብርብር ከረጢት ነው። ከውጭ ጠንካራ ፖሊስተር፣ መሃል አሉሚኒየም፣ ከውስጥ በሙቀት የሚጣበቅ ፖሊኢቲሊን። ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበያ ላይ የሚያብረቀርቅ ሁሉ አሉሚኒየም አይደለም። ብዙው ላዩ ላይ በጣም ስስ የብረት ቅብ ብቻ ያለው ላስቲክ ነው። ለመለየት የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ባዶውን ከረጢት ከውስጥ በኩል አብሩበት። ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ካለፈ ቅብ ነው። ጭምድድ አድርጋችሁም ልቀቁት። ቅቡ ተመልሶ ይዘረጋል፣ እውነተኛው አሉሚኒየም እንደተጨማደደ ይቀራል።

ቅቡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እዚሁ ሰፈር በጥቂት ሳምንት ለሚያልቅ በርበሬ ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ለወራት ለሚቆይና ባሕር ለሚሻገር ግን አሉሚኒየሙን ግዙ።

ቡና የሚያሽግ ሰው ሌላም ነገር ያስብ። ቡና የሌላውን ሽታ ይወስዳል። በተራ ላስቲክ ያለ በርበሬና በተራ ላስቲክ ያለ ቡና አንድ ካርቶን ውስጥ ከከረሙ ቡናው ስኒ ላይ ያሳጣችኋል።

ወረቀት ከረጢት ለሚወዱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ውስጡ ላስቲክ ያልተለበጠበት ከሆነ ቅባት ይመጥጣል፣ ከውጭም ያዥጎረጉረዋል። ያምራል፣ ግን ብቻውን አይበቃም።

«ከረጢቱ ተነፋ»

ተቆልቶ ወዲያው የታሸገ ቡና መንፋቱ የተፈጥሮ ነው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ለቀናት ቀስ እያለ ያወጣዋል። ከረጢቱ መውጫ ከሌለው ይነፋል፣ አንዳንዴም አፉ ይከፈታል። አንዳንዱ ሰው በመርፌ ይበሳዋል። ይህን አታድርጉ። ጋዙ በወጣበት ቀዳዳ አየር ይገባል፣ መዓዛው ይሄዳል፣ ቡናውም የቆየ ዘይት መሽተት ይጀምራል።

ትክክለኛው መንገድ ወደ ውጭ ብቻ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው ከረጢት ነው። ቫልቩ ከቡናው ከፍታ በላይ መሆን አለበት። ለተፈጨ ቡና ከሆነ ደግሞ ማጣሪያ ያለውን ምረጡ። አለበለዚያ ዱቄቱ ይደፍነዋል። ቫልቭ ካልተገኘ ወይም ከተወደደ ቡናው ጋዙን እስኪያወጣ ክዳን ባለው ዕቃ አቆይታችሁ አሽጉ። የተፈጨው ከፍሬው ይልቅ ጋዙን ቶሎ ያወጣል፤ መዓዛውም በዚያው ፍጥነት ስለሚሄድ ብዙ አታስጠብቁት።

ሁለተኛው የመንፋት ምክንያት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ አየር ይዞ የታሸገ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ተወጥሮ ይገኛል። ይህ ብልሽት አይደለም። ስታሽጉ አየሩን በእጃችሁ ተጭናችሁ አውጡና ከላይ ትንሽ ቦታ ተዉለት። አዲስ አበባ የታሸገው ዱባይ ሲደርስ በተቃራኒው ይጨመደዳል። ደንበኛው «አየር አስገብቷል» ብሎ እንዳይደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። «አውሮፕላን ላይ ይፈነዳል» የሚባለውም ለአዲስ አበባ ዕቃ ብዙ አያሳስብም። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ አዲስ አበባ ላይ ከነበረው እምብዛም አይለይም።

ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የተነፋ ሽሮ ወይም በርበሬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እርጥበት ገብቶ ተሐዋስያን እየሠሩ ሊሆን ይችላል። አትቅመሱት፣ አትሽጡት። ማርም ክዳኑን ከገፋና አረፋ ካወጣ ውኃው በዝቶ መፍላት ጀምሯል። ዝም ብሎ የረጋ ማር ግን ጤነኛ ነው። እሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃዋል።

«ያሸግነው አፍ ይከፈታል»

ብዙ ሰው ማሽኑን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዱቄቱን ነው። በርበሬና ሽሮ ሲሞሉ ብናኙ የከረጢቱ አፍ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይለጠፋል። ማሽኑ ላስቲክን ከላስቲክ ሳይሆን ላስቲክን ከበርበሬ ጋር ያጣብቃል። ሲታይ የታሸገ ይመስላል፣ ሲጫኑት ይተነፍሳል። ረጅም አንገት ባለው ፈነል ሙሉ። አፉን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ መስመር ከማሸግ ሁለት መስመር፣ በመሃሉ ትንሽ ቦታ ትታችሁ።

ብናኝ ከሌለ ወደ ማሽኑ እንሂድ። በእጅ የምትጫኑት ማሽን መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው አትልቀቁት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዝ አድርጉት። ላስቲኩ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። ሽቦው ላይ ያለችውን ቡናማ የቴፍሎን ጨርቅም ተመልከቱ። ከተቃጠለች ወይም ከተቀደደች እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀዳዳ ታተርፋለች። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ጠዋት የተስተካከለው ሙቀት ማታ ላይሠራ ስለሚችል ሥራ ስትጀምሩ ሁልጊዜ በባዶ ከረጢት ሞክሩ። ታጥፎ የሚቆም ከረጢት ደግሞ ጎኑ ላይ አራት ንብርብር፣ መሃሉ ላይ ሁለት ነው። አየር የሚያመልጠው ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ነው። እዚያ ጋ ጠንከር አድርጋችሁ ሁለቴ ተጫኑት።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቀን ምርት ጥቂት ከረጢት ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሩና ተጫኗቸው። አረፋ በአንድ መስመር ተከታትሎ ከወጣ ቀዳዳው እዚያ ነው። እስክሪብቶ ይዛችሁ ምልክት አድርጉበት። ምልክቱ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ቦታው ከተቀያየረ ብናኝ ነው።

«ሽሮው ነቀዘ»

ነቀዙ በብዛት ከአተሩና ከሽምብራው ወይም ከመጋዘኑ ጋር የመጣ ነው። በደንብ የተቆላ እህል ውስጥ እንቁላሉም አይተርፍም። ስለዚህ የተቆላውንና ጥሬውን አንድ ክፍል አታስቀምጡ፣ ወፍጮውን ጥረጉ፣ ወለሉን ጥረጉ። አንዳንድ ነፍሳት ስስ ላስቲክ በስተው ይገባሉ፣ እዚህ ላይ ወፈር ያለው ከረጢት ይረዳል። ጥሬውን ለማቆየት አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር የእህል ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ያለ መድኃኒት ሥራውን ይሠራል።

«ጊዜው አልፏል ብለው መለሱብን»

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከረጢቱ ላይ «ማብቂያ 2018» ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ውጭ አገር ያለ ሱቅ ሲያየው ከዓመታት በፊት ያለፈበት ዕቃ ነው። ሁለቱንም ጻፉ። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ።

አሜሪካ ለሚሸጥ ክብደቱ በግራምም በአውንስም ይጻፋል። ሰሊጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ በግዴታ ከሚገለጹት ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው። ስንዴም ከዘጠኙ አንዱ ነው። ሽሮው የተፈጨበት ወፍጮ ስንዴም የሚፈጭ ከሆነ ያንን ጻፉ። የሚታመም ሰው አለ።

ቅባት የነካው እጅ ተራ የማተሚያ ቀለምን ያጠፋል። ተለጣፊው የላስቲክ ሽፋን ያለው ይሁን። ቀኑን ለመምታት በአልኮል የማይለቅ ቀለም ተጠቀሙ፣ ከረጢቱን ከመሙላታችሁ በፊት ምቱት። በስማችሁ የታተመ ከረጢት ማዘዝ ቢያጓጓም አትቸኩሉ። አታሚዎች በብዙ ሺህ ካልሆነ አይቀበሉም፤ አድራሻ ወይም የቅመም ዝርዝር ሲቀየር ክምሩ ቤታችሁ ይቀራል። ያልታተመ ከረጢት ግዙ፣ ተለጣፊውን በትንሽ በትንሹ አሳትሙ። በስስ ፌስታል ቋጥራችሁ የምትሸጡ ካላችሁ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። የሚቀጥለውን ግዢ ከማድረጋችሁ በፊት የሚፈቀደውን የማሸጊያ ዓይነት ከክፍለ ከተማችሁ ጠይቁ።