የከተማችሁን የውሃ አገልግሎት በራሳችሁ ተነሳሽነት መርምሮ ማሻሻል እንዴት ይጀመራል?

በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ በኩል ቤቱ በየዓመቱ ይበዛል፣ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ አዲስ ጉድጓድና ስለ በጀት ይሆናል። አዲስ ጉድጓድ የሚያስፈልግበት ቦታ ሞልቷል። ከዚያ በፊት ግን አሁን በእጅ ያለው ማጣሪያ፣ ፓምፕና መስመር አቅሙ የፈቀደውን ያህል እየሠራ መሆኑ መታወቅ አለበት። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተውሳክ ማጣሪያ ጣቢያ አልፎ ወደ ቧንቧ ገባ፤ ወደ 400,000 የሚገመት ሰው ታመመ። ተውሳኩን የተለመደው የክሎሪን መጠን አይገድለውም። የሚያስቀረው በደንብ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና የውሃ ባለሙያዎች ማኅበራት «ፓርትነርሺፕ ፎር ሴፍ ዋተር» የተባለ ፕሮግራም አቋቋሙ። የሚገባበት የውሃ አገልግሎት ፈልጎ እንጂ ተገድዶ አይደለም። ሕጉ የተጣራ ውሃ ድፍርስነት ከመቶ 95 በሚሆነው ልኬት ከ0.3 ኤን.ቲ.ዩ. (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) እንዳይበልጥ ሲያዝ፣ ፕሮግራሙ 0.10ን ግብ ያደርጋል። መንገዱ አራት ደረጃ አለው፦ ቃል መግባት፣ መነሻ መረጃ መሰብሰብ፣ ራስን መመርመርና የላቀ ውጤት ማስመዝገብ። እኛም ዘንድ አንድ ትንሽ የከተማ ውሃ አገልግሎት ማንንም ሳይጠብቅ ሊጀምረው ይችላል።

ቃል መግባት

ሥራ አስኪያጁ ጽፎ ይፈርም። ጽሑፉ አንድ ነገር በግልጽ ይበል፦ መጥፎ ቁጥር የመዘገበ ሠራተኛ አይቀጣም። ይህ ካልተባለ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ሰው ፈርቶ የሚሞላው መዝገብ ሁልጊዜ የሚያምር ነውና። ከዚያ ቡድን ይመረጥ፦ የማጣሪያ ወይም የፓምፕ ኦፕሬተር፣ የውሃ ጥራት ባለሙያ፣ የመስመር ጥገና ሠራተኛ፣ ቆጣሪ አንባቢ፣ ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው። ቆጣሪ አንባቢው አይቅር፤ በየሰፈሩ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

መነሻ መረጃ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የአሜሪካው ፕሮግራም የአንድ ዓመት የድፍርስነት መረጃ ይጠይቃል፤ ለእኛም ዓመቱ ሙሉ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሐምሌ ውሃና የጥር ውሃ አንድ አይደሉም። ማጣሪያ ያላችሁ የእያንዳንዱን ማጣሪያ ድፍርስነት ለየብቻ ለኩ፤ ከየቀኑም ከፍተኛውን ቁጥር መዝግቡ። አማካይ ከወሰዳችሁ አንዱ የተበላሸ ማጣሪያ በሌሎቹ ይሸፈናል።

ክሎሪንን ደግሞ መለካት ያለባችሁ ከማጠራቀሚያው በጣም በራቀው ቧንቧ ላይ ነው። ቢሮ በር ላይ ያለው ሁሌም ደህና ይሆናል። ግቢ ስትገቡ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ ቅዱ። ከሮቶ የሚወርደውን ከለካችሁ የለካችሁት የሰውየውን ሮቶ እንጂ መስመራችሁን አይደለም። ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፣ የመለኪያውን ብልቃጥ በዚያው ውሃ አለቅልቁ፣ እስከ ምልክቱ ሙሉ፣ አንድ የዲፒዲ እንክብል (ክሎሪን ሲያገኝ ቀለም የሚያወጣ መለኪያ ኬሚካል) በእጅ ሳትነኩ ጨምሩና እንድትሟሟ አድርጉ። ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ሳትቆዩ ቀለሙን ከመለኪያው ጋር አስተያዩ። ሕዝቡ ውሃ በሚቀዳበት ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መገኘት አለበት። ሮዝነቱ ፍጹም ካልታየ ያ ሰፈር መከላከያ የለውም ማለት ነው። ነገ የምታጣሩት ጉዳይ አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ክሎሪን ጨምሩ።

ብክነት የሚታወቀው በሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ውሃ ዝጉና ከፍታው ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ለኩ። ማጠራቀሚያው 10 ሜትር በ10 ሜትር ቢሆንና ውሃው 5 ሴንቲሜትር ቢወርድ፣ በአንድ ሰዓት 5 ሜትር ኩብ ሄዷል፤ ይህ 250 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በፈረቃ በምንኖርበት ዳርቻ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ሮቶውን የሚሞላው በሌሊት ነውና፣ ውሃ መጥቶ ሳይቋረጥ ሁለትና ሦስት ቀን የቆየበትን ሰፈር ምረጡ። ሮቶዎቹ ከሞሉ በኋላ የሚወርደው አብዛኛው መሬት የሚጠጣው ነው።

ለየሰፈሩ ውሃ የቆየበትን ሰዓትም ጻፉ። መስመር ባዶ በሆነ ቁጥር በስንጥቁ በኩል የቦይና የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ፈረቃ የጤና ጉዳይም ነው።

ራስን መመርመር

ቁጥሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ለእያንዳንዱ ችግር አራት ጥያቄ ጠይቁ። ግንባታው ነው? አሠራሩ ነው? ጥገናው ነው? ወይስ አስተዳደሩ? ሁላችንም ቶሎ ወደ ግንባታው እንሮጣለን፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ እንዲጠየቅ እመክራለሁ።

ለምሳሌ በክረምት ውሃው ደፈረሰ እንበል። ዙሪያው የታረሰ መሬት ስለሆነ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ግድቡና ወደ ወንዙ ያመጣዋል። የጠዋቱ የአልም (ቆሻሻውን አያይዞ የሚያዘቅጥ ኬሚካል) መጠን ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ጎርፍ አይበቃም። መፍትሔው ስድስት ባለ አንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ ጥሬ ውሃ ሞልቶ፣ የተለያየ የአልም መጠን ጨምሮ፣ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በዝግታ አማስሎ፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ የትኛው እንደጠራ ማየት ነው። ይህ የአሠራር ችግር ነው። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ የያዘው ሰው ቅዳሜና እሁድ ስለማይገባ ክሎሪን ካለቀ ደግሞ ችግሩ የአስተዳደር ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ይስተካከላል። ክፍት በርሜል ውስጥ የከረመ የክሎሪን ዱቄት ኃይሉን ያጣል፤ ኦፕሬተሩ በትክክል መዝኖ ቢጨምርም አይሠራም።

አሸዋ ማጣሪያ ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃም ተከታተሉ። ለተወሰነ ጊዜ ድፍርስ ነው። ማስወገጃ ቫልቭ ካለ እስኪጠራ ወደ ውጭ ይልቀቁት፤ ከሌለ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ወደ ሥራ ይመልሱት።

ማስተካከልና ማሳየት

ካገኛችሁት ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁትን ሦስት ምረጡና በአንድ ክረምት ጨርሱ። ቁጥሩን በየወሩ በቢሮው በርና በቦኖዎቹ አጠገብ ለጥፉ፤ ለነዋሪው የሚገባው «በዚህ ሰፈር ክሎሪን ይህን ያህል፣ ውሃ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት» ብሎ መጻፍ ነው።

ከዚያ የጎረቤት ከተማ ባለሙያዎችን ጥሩ፣ እናንተም ሂዱ። እንግዶቹን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አታስቀምጧቸው። መዝገቡን ስጧቸው፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ተረኛ ሆነው ይዋሉ፣ ዳር ካለው ቧንቧ ራሳቸው ቀድተው ይለኩ። የእነሱ ቁጥር ከእናንተ መዝገብ ጋር ካልተስማማ መጀመሪያ መለኪያ መሣሪያችሁን አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ወደ መነሻ መረጃው ተመለሱ።