አሰልጣኙ ቡድን ሠርቷል? በወረቀትና በእስክሪብቶ ማጣራት

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «ምርጥ አሰልጣኝ» የሚባለው ትናንት ያሸነፈው ነው። ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈማ ያው ሰውዬ «ኳስ አይገባውም» ይባላል። እኔ የምለካው በሌላ መንገድ ነው። የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ብሆንም ማሳያዬ የቀድሞው የሊቨርፑል አሰልጣኝ ክሎፕ ነው። ምን ላድርግ፣ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ወረቀት አውጡ። አሰልጣኙ በመጀመሪያ ጨዋታው ያሰለፋቸውን 11 ተጫዋቾች በግራ በኩል ጻፉ። ከሦስት አራት ዓመት በኋላ በትልቅ ጨዋታ ያሰለፋቸውን በቀኝ። ክሎፕ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከቶተንሃም ጋር ሲጀምር በረኛው ሚኞሌ፣ የመሀል ተከላካዮቹ ስክርትልና ሳኮ ነበሩ። በ2019 ማድሪድ ላይ የሻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲጫወት ተጋጣሚው ያው ቶተንሃም ነው። ከግራው ዝርዝር በቋሚ አሰላለፍ የገባ አንድም ሰው የለም።

እዚህ ላይ ካቆማችሁ ግን ትሸወዳላችሁ። ብር ያለው ሁሉ 11 ሰው ይቀይራል። ከየስሙ አጠገብ ስንት እንደወጣበት ጻፉ፤ ክለቡ ከገባ በኋላ ምን እንደሆነም ጨምሩ። የመሀል ተከላካዩ ቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ በሱ ብዙ ነጥብ አልሰጥም። የግራ ተከላካዩ ሮበርትሰን ላይ ግን ቆም በሉ። ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደው ሃል ሲቲ በ8 ሚሊዮን መጣ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሞሬኖ ሲሰለፍ እሱ ባብዛኛው ወንበር ላይ ነበር። በ2017 መጨረሻ ሞሬኖ ተጎዳ፣ ሮበርትሰን ገባ፣ በቃ ቦታው የሱ ሆነ። አሌክሳንደር አርኖልድ ደግሞ ከክለቡ አካዳሚ የወጣ ነው፤ የዝውውር ሒሳብ የለውም።

የአጥቂውን የሳላህን ዝውውር ግን ለክሎፕ ብቻ አትስጡ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ማይክል ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ ትልቅ እጅ ነበራቸው። ማን መረጠው፣ ማን አሻሻለው? ለየብቻ ይጻፍ።

ቀጥሎ ኮከቦቹ የሌሉበትን ጨዋታ ፈልጉ። በ2019 የሻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባርሴሎና ሊቨርፑልን 3ለ0 ካሸነፈ በኋላ በመልሱ ጨዋታ ሳላህም ፊርሚኖም አልነበሩም። ሮበርትሰንም ተጎድቶ ከእረፍት አልተመለሰም። በሱ ቦታ የገባው ዋይናልደም ሁለት አገባ፣ ኦሪጊ ሁለት፣ 4ለ0። ይሄ ኦሪጊ በግራው ዝርዝራችሁ ያለው አጥቂ ነው! በፍጻሜውም ተቀይሮ ገብቶ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቋሚ ያልሆነን ልጅ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ዝግጁ ማድረግ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

የመጨረሻው ማጣሪያ አሰልጣኙ ሲሄድ ነው። ክሎፕ በ2024 ወጣ። ተተኪው ስሎት አጥቂውን ኪዬዛን ብቻ ጨምሮ፣ እሱንም ብዙ ሳያጫውት፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በላ። በዚህ ማጣሪያ የኛው የማንቼው አሰልጣኝ ፈርጊም (ፈርጉሰን) ነጥብ ይጥላል፣ እያመመኝም ቢሆን። በ2013 ዋንጫ ይዞ ሲወጣ ስኮልስ ጫማ ሰቀለ፣ ጊግስ 39 ዓመቱ ነበር፣ ፈርዲናንድም አርጅቷል። በቀጣዩ ዓመት 7ኛ ወጣን፤ ስድቡን ሁሉ የጠጣው ተተኪው ሞይስ ነው።