«ገባህ?» አትበሉ

ከውጭ አገር አለቃ ጋር እየሠራችሁ ፈረቃ የምትመሩ ወይም የምታስተረጉሙ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። አለቃው «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም «እሺ» ይላል። እሱም አለቀ ብሎ ይሄዳል። የኛ «እሺ» ግን ሁልጊዜ «ተስማማሁ» አይደለም፤ «ሰምቻለሁ» ወይም «በሰው ፊት አላሳፍርህም» ሊሆን ይችላል። ማታ ሥራው ሳይነካ ሲገኝ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

እናም «ገባህ?» የሚለውን ተዉትና «ከየቱ ትጀምራለህ? በስንት ሰዓት ይደርሳል?» በሉ። ለዚህ ጥያቄ «እሺ» መልስ አይሆንም። ያልገባ ነገር ካለ እዚያው ይወጣል፤ ማንም «አላወቅኩም» ብሎ መሸማቀቅ የለበትም።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የኛ የጠዋት 3 ሰዓት ለፈረንጁ 9 ነው። «በ3 እንገናኝ» ብቻ ካላችሁት እናንተ ከረፋዱ ጀምሮ ስትጠብቁ እሱ በኛ 9 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ዘና ብሎ ሊመጣ ይችላል።

በዕድሜ ለሚበልጧችሁ ግን ጥያቄውን በሰው ፊት አታድርጉት፣ ፈተና ይመስላል። ለብቻ ጠጋ ብላችሁ «በደንብ አስረድቼዎት ይሆን? ከየቱ ቢጀመር ይሻላል ይላሉ?» በሏቸው።