የመጨረሻው መንጋጋ ሲበቅል ሕመሙን እንዴት እንቻለው?

ዊዝደም የሚባሉት አራቱ የመጨረሻ መንጋጋዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅሉት ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዳንዱ ሰው ሁለት ብቻ ይወጡለታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም፣ ታድሎ! ሌሎቻችን ግን እንቀጣለን።

ወደ ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ጥርሱ ድዱን ገፍቶ ሲወጣ ትንሽ ጠዝጠዝ ማድረጉ ያለ ነው፣ በጥቂት ቀን ይተዋል። እንቅልፍ የሚነሳውና ጉንጭ የሚያሳብጠው ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ሳይሆን ከላዩ ካለው ድድ ነው። ጥርሱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ሲቀር ድዱ እንደ ክዳን ላዩ ላይ ይቀራል። ከሥሩ ፍርፋሪ ይገባል፣ ብሩሽ አይደርስበትም፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ድዱ ያብጣል፣ ያበጠውን ደግሞ የላይኛው ጥርስ ባኘካችሁ ቁጥር እየነከሰ ጭራሽ ያባብሰዋል። አፍ ይሸታል፣ ምራቅ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ስትውጡ ጉሮሮ ያማችኋል። ሕመሙ ወደ ጆሮ ስለሚወጣ ጆሮዬን ነው ብሎ የሚታከምም አለ።

ስለዚህ ማስታገሻ እየዋጡ መቀመጥ ብቻውን አያዋጣም። ክኒኑ ሕመሙን ያደበዝዘዋል እንጂ እዚያ የተወሸቀውን የምግብ ትርፍራፊ አያወጣውም። ዋናው ሥራ ማጽዳት ነው፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው።

ከጨው ውሃ ጀምሩ። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። ትኩስ አይሁን፣ የተቆጣ ድድ ላይ ትኩስ ውሃ ማቃጠል ነው ትርፉ። ጎንጨት አድርጉና ጭንቅላታችሁን ወደሚያመው በኩል ዘንበል አድርጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት፣ አጉመጥምጡ፣ ትፉት። ይህን ምግብ በበላችሁ ቁጥርና ከመተኛታችሁ በፊት አድርጉ። ብዙ ሰው ጠዋት አንዴ ያደርግና «አልሠራልኝም» ይላል። ምሳ ላይ የገባው ፍርፋሪ እኮ እስከ ማታ እዚያው ነው! መጉመጥመጥ አልደርስበት ካለ መርፌ የሌለው ንጹሕ ሲሪንጅ በጨው ውሃ ሞልታችሁ ድዱ ሥር ቀስ ብላችሁ እርጩበት። ቀስ ብላችሁ ነው ያልኩት።

ቀጥሎ ብሩሽ። ያመመውን ጎን መፋቅ ማቆም የሁላችንም ፈተና ነው፣ ግን ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ለስላሳና ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ብሩሽ ፈልጉ፣ የልጆች ብሩሽ አሪፍ ነው። አፋችሁን በጣም አትክፈቱት። ሰፊ ሲከፈት ጉንጭ ይወጠርና ቦታ ያሳጣል፤ ገርበብ ስታደርጉት ብሩሹ እስከ ጥጉ ይገባል። ትንሽ ደም ብታዩ አትደንግጡ፣ የተቆጣ ድድ ይደማል። መፋቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ ለፊት ጥርስ ጥሩ ነው፣ እዚያ ጥግ ድረስ ግን አይዞርም። ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ ማጠቢያም ይረዳል፤ ለሳምንታት ሲጠቀሙበት ግን ጥርስ ያጠቁራልና አታዘውትሩት።

አሁን ወደ ክኒኑ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አይቡፕሮፌን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እብጠቱንም ይቀንሳል። ለአዋቂ 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ በየ6 ወይም 8 ሰዓቱ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሦስት ጊዜ፣ አይለፍ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ አስም ያለባችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትንኩት። ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ፓራሲታሞል ነው፤ 500 ሚሊግራም የሆነውን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበቱን የሚያመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ግን ይህንንም ጠይቆ ነው መውሰድ ያለበት። ጤነኛ አዋቂ አንዱ ብቻውን ካላስታገሰለት ሁለቱን አብሮ ሊወስድ ይችላል፣ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤታችን ውስጥ ከአሜሪካ የተላከ የመድኃኒት ብልቃጥ አይጠፋም። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፣ ታይሌኖል ማለት ደግሞ ፓራሲታሞል። ከፋርማሲ የገዛችሁትን አይቡፕሮፌን ውጣችሁ፣ አልሻለኝም ብላችሁ አድቪል ብትጨምሩ ያንኑ መድኃኒት ነው የደገማችሁት። ዳይክሎፌናክም የአይቡፕሮፌን ዘመድ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። አስፕሪን ደቁሶ ድድ ላይ ማድረግ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ተዉት፣ ድዱን ልጦ ሌላ ቁስል ይሰጣችኋል።

የእናቶቻችን የቤት መድኃኒትስ? ቅርንፉድ እውነት ይሠራል። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባለው ነገር ለጊዜው ያደነዝዛል። አንድ ፍሬ ያዝ አድርጋችሁ ለስለስ ሲል በዚያ በኩል ነከስ አድርጉት፣ ከዚያ ትፉት። ዘይቱን ካገኛችሁ በጥጥ ጫፍ ጠብታ ብቻ፣ ሲበዛ ያቃጥላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰር ግን ልክ እንደ አስፕሪኑ ያቆስላል። አረቄ አፍ ውስጥ መያዝም ያው ማቃጠል ነው፣ ያደነዘዛችሁ ቢመስላችሁም። ድዱን በምላጭ በጣ ማድረግ የሚመክራችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።

ጉንጫችሁ ካበጠ በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከውጭ በኩል ለ15 ደቂቃ ያህል ያዙበት፣ አሳርፉ፣ ድገሙት። ማታ ማታ የሚብሰው ስትጋደሙ ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚበዛ ነው፤ ትራስ ደርባችሁ ከፍ ብላችሁ ተኙ።

ምግብ ላይ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ሰሊጥና ተልባ ለጊዜው ይቅሩባችሁ፣ እነሱ ናቸው ድድ ሥር የሚወሸቁት። ሚጥሚጣም እንደዚያው። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን እዚያው ጉንጭ ጥግ ስለሚያከማች ድዱ የመዳን ዕድል አያገኝም። ሲጋራም ያባብሳል። አጥሚት፣ በረድ ያለ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ፣ አቮካዶ ጁስ፤ በጾምም ቢሆን የሚበላ አይጠፋም። ቡናውን በረድ አድርጋችሁ ጠጡ እንጂ ተዉት አልላችሁም፣ እሱን የሚያደርግ ሰው ያለም አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በሁለት ሦስት ቀን ካልቀለላችሁ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ትኩሳት ካለ፣ መግል ከወጣ፣ ወይም አፋችሁ ሁለት ጣት አላስገባ ካለ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ። እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃታችሁ፣ መተንፈስ ከከበዳችሁ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ኢንፌክሽኑ አንገት ውስጥ ገብቶ የመተንፈሻ ቱቦ ሊዘጋ ይችላል፣ ይገድላል።

ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ አትጀምሩት። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽኑ ሲስፋፋ ነው፣ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዝዘው። ድዱ ሥር ያለው ቆሻሻ ካልታጠበ ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ብሎ ከወር በኋላ ይመለስባችኋል።

ሐኪሙ ድዱን ያጥባል፣ ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳይ ራጅም ሊያዝ ይችላል። «ይነቀል» ካላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚጸዳ ጥርስ መነቀል የለበትም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የጤና መመሪያቸው ችግር የሌለበትን ዊዝደም መንቀል አይደግፍም፤ አሜሪካ ግን ገና በአፍላ ዕድሜ ማስነቀል የተለመደ ነው። ተጋድሞ የበቀለ፣ ደጋግሞ የሚያብጥ ወይም የጎረቤቱን ጥርስ የሚያበላሽ ከሆነ ቢወጣ ይሻላል። ለታችኛው ጥርስ ደግሞ ከነርቩ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ጠይቁ፤ ነርቩ ከተነካ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ቢመለስም።

ከተነቀለ በኋላ ሐኪሙ የሚያደርግላችሁን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሳችሁ ያዙ። ለ24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አታጭሱ፣ በስትሮ አትጠጡ። ጉድጓዱ ላይ የረጋው ደም ነው ቁስሉን የሚሸፍነው፣ እሱ ከወጣ አጥንቱ ይጋለጣል። ሕመሙ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን እንደመቀነስ ከጨመረ ያ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ነቀለላችሁ ሐኪም ተመለሱ፣ አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል።