የአርቪ ሽንት ቤት ውሃ አልይዝ ሲል፦ ጎሚኒውን መመርመር፣ ማጽዳትና መቀየር

ቤት ውስጥ ባለ ሽንት ቤት ሽታን የሚያግደው መቀመጫው ውስጥ የተቆለመመው መተላለፊያና እዚያ የሚቀረው ውሃ ነው። አርቪ (ውስጡ መኖሪያ ያለው የጉዞ መኪና) ላይ ግን መቆልመሚያ የለም። ከሳህኑ ሥር በቀጥታ ያለው የቆሻሻ ታንከሩ ነው። በመካከላቸው ፔዳል ሲረገጥ የሚከፈት ክዳን አለ፤ ክዳኑን ዙሪያውን የሚያቅፍ የጎማ ቀለበት አለ፤ ከላዩ ደግሞ ጥቂት ውሃ ይቀመጣል። ቧንቧ ሠራተኛ ጎሚኒ የሚለው ይህ ቀለበት ትንሽ ከላላ፣ ማታ የተጠራቀመው ውሃ ጠዋት የለም። ውሃው ሲሄድ ጋዙ ይወጣል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድም አብሮ ይመጣል። የመታጠቢያ ክፍሉን የጣሪያ ማራገቢያ መክፈት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ማራገቢያው አየር የሚስበው ከታንከሩ ይሆናልና። ታንከሩ ላይ የሽታ መድኃኒት መደራረብ ያፈሰሰውን ጎማ አይዘጋም።

መጀመሪያ የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ ይለዩ። የሳህኑ ውሃ ቀስ እያለ ከቀነሰና ወለሉ ደረቅ ከሆነ፣ ችግሩ የክዳኑ ጎሚኒ ነው። መቀመጫው ሥር ወለሉ ላይ ውሃ ከታየ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መቀመጫውን ከታንከሩ አፍ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ጎማ፣ ወይም ከጀርባ ያለው የውሃ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ማንም ሳይነካው እየሞላ ከመጣ፣ ወይም ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ፓምፑ ሌሊት በየተወሰነ ጊዜ ከተነሣ፣ የሽንት ቤቱን ቫልቭ ይጠርጥሩ። ለመለየት ደረቅ ሶፍት በቫልቩና በውሃ መስመሩ ዳዶ ዙሪያ ጠቅልለው ፓምፑን ያስነሡ። ሶፍቱ ወዲያው ከረጠበ ቫልቩ ወይም መጋጠሚያው ነው። የሚረጥበው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ከሆነ፣ ከኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠውንና ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ክፍል ይመልከቱ።

የክዳኑን ጎሚኒ ለመፈተን ፓምፑን ያጥፉ፤ ከከተማ ውሃ ጋር ከተያያዘ እሱንም ይዝጉ። ሳህኑ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያድርጉ፣ ሁለት ጠብታ የምግብ ቀለም ይጨምሩ፣ የውሃው ወለል የደረሰበትን በእርሳስ ያመልክቱ። አንድ ሰዓት ቆይተው ይመልከቱ፣ ከዚያም እስከ ጠዋት ይተዉት። መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ ውሃው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ቀለበቱ ሁሉ አይፈተንም፤ ሜዳ ላይ ያቁሙት።

ውሃው እየቀነሰ ከሆነ፣ ጎሚኒ ለመግዛት ከመሮጥዎ በፊት አንድ ቀላል ነገር ይሞክሩ። ፓምፑ እንደጠፋ ፔዳሉን በእጅ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ይያዙ። ውሃው መቀነሱን ካቆመ ጎሚኒው ጥፋት የለበትም፤ ክዳኑን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ደክሟል፣ ወይም የፔዳሉ መንገድ ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ይህን ሳያዩ አዲስ ጎማ የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው፣ በማግሥቱም ሳህኑ ደረቅ ሆኖ ያገኙታል።

አብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያፈስ ጎሚኒ ደግሞ ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። ስለዚህ ማጽዳቱ ላይ ጊዜ ይስጡ። ታንከሩን መጀመሪያ በተፈቀደ ማስወገጃ ቦታ ባዶ ያድርጉ፣ ያጥቡት። ወፍራም የጎማ ጓንት፣ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዘጋጁ። ፔዳሉን ሌላ ሰው ረግጦ ይያዝልዎ፤ ብቻዎን ከሆኑ የእንጨት ሽብልቅ አጥብቀው ያስገቡ፤ ካመለጠ ሞላው ክዳኑን ጣት ላይ ይዘጋልና። አሁን ጣትዎን በቀለበቱ ከንፈር ላይ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጤነኛ ጎማ ለስላሳና ለጠጥ ያለ ነው። የሚያፈሰው ቦታ ላይ አንዳንዴ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠጠር፣ አንዳንዴ ከከንፈሩ ሥር ተጣጥፎ የደረቀ ወረቀት ይገኛል። የክዳኑንም ጠርዝ እንዲሁ ይዳስሱ፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነጭ ነገር ካለ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ያስቀረው ኖራ ነው።

ኖራውን በካቻቢቴ ወይም በሽቦ አይፋቁት፣ የሚቧጥጥ ዱቄትም አይጠቀሙ። ክዳኑ ላይ የሚቀር ጭረት አዲስ ጎሚኒም የማይደፍነው የውሃ መንገድ ነው። መፍትሔው ነጭ አቼቶ ነው። ሳህኑ ስለሚያፈስ ብዙ አቼቶ ቢያፈሱበት ወደ ታንከር ይወርዳል፤ ይልቁንስ ክዳኑን ይዝጉና ሶፍት በአቼቶ አርሰው ክዳኑና ጎማው በሚገናኙበት መስመር ዙሪያውን ይደርድሩ። እንዳይደርቅ በየጊዜው እያራሱ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያ በብሩሽና በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ያንሡት፣ በውሃ ያለቅልቁት። በረኪና ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ደጋግሞ ሲነካው ጎማውን ያደርቀዋል።

ከጸዳ በኋላ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የሲሊኮን ግራሶ በጣት አንሥተው ከንፈሩን ዙሪያውን በስሱ ይቀቡ። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት አይሆኑም፤ የነዳጅ ዘር የሆነ ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ቅርጹንም ያበላሸዋል። ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍተው ዘግተው የእርሳሱን ፈተና ይድገሙ። ውሃው እስከ ጠዋት ከቆየ ሥራው አልቋል።

ካልቆየ ወይም ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ ደርቆ፣ ከንፈሩ ተበልቶ ከሆነ ይቀይሩት። ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መቀመጫው ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የመለያ ቁጥር ፎቶ ያንሡ፤ በዓይን ሲያዩት የሚመሳሰል ቀለበት ሁሉ አይገጥምም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ለሚታዩት የዶሜቲክ 300፣ 310 እና 320 መቀመጫዎች የጎሚኒው መለያ ቁጥር 385311658 ነው። በእነዚህ ላይ መቀመጫውን መንቀል አያስፈልግም፤ ሥራው ከላይ ነው የሚሠራው። ውሃውን ይዝጉ፣ የቀረውን ያፍስሱ፣ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከፍተው በሽብልቅ ያስይዙ። አሮጌውን ከማውጣትዎ በፊት የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሆነ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ጣትዎን ከከንፈሩ ሥር አስገብተው ወደ መሐል እየሳቡ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ መስመር ያውጡት። እንቢ ካለ ደነዝ የፕላስቲክ መንቀያ ይርዳዎት።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ጎማው የተነሣበት መስመር ውስጥ ዝቃጭና ኖራ ተጋግሮ ይገኛል። እሱን ሳያጸዱ አዲሱን ቢያስገቡ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወገን ያፈሳል። መስመሩን በብሩሽ አጽድተው፣ አጥበው፣ በጨርቅ ያድርቁት። አዲሱን ቀለበት በእጅ ጨመቅ አድርገው አሮጌው በነበረበት አቀማመጥ ያስገቡ፣ ከአንድ ጎን ጀምረው በአውራ ጣት እየተጫኑ ዙሪያውን ያስቀምጡት። የትም ቦታ ማበጥ ወይም መጠማዘዝ የለበትም። የሚታየውን ከንፈር በሲሊኮን ግራሶ ቀብተው ክዳኑን ቀስ ብለው ይዝጉ። አዲስ ጎማ ጠበቅ ስለሚል ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ቢከብድ አይደንግጡ። ይልቅ ክዳኑ ሲዘጋ ጎማውን አጥፎ ይዞት እንዳይሄድ በባትሪ ያረጋግጡ።

በሌሎች ሞዴሎች ላይ ክዳኑና ጎሚኒው የሚፈቱት ከሥር ስለሆነ መቀመጫው መነሣት አለበት። የታችኛው ጎማ ካፈሰሰም እንደዚሁ። ውሃውን ይዝጉ፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስወጡ፣ ከጀርባ ያለውን የውሃ መስመር ይፍቱ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ያውጡ። ሸክላ መቀመጫ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ያንሣው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። የታንከሩን አፍ ወዲያው በፕላስቲክ ከረጢት በተጠቀለለ ትልቅ ጨርቅ ይድፈኑት፤ ጨርቁ ትንሽ ከሆነ ገብቶ ይቀራል።

ሲመልሱ ለመቀመጫው የተሠራውን የጎማ ጋስኬት ይጠቀሙ። ቤት ውስጥ የሚደረገው የሰም ቀለበት እዚህ አይመከርም፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ቅርጹን ያጣል፣ ሙቀት ሲበዛም ይለሰልሳል። ሁለቱን ዳዶዎች ሩብ ሩብ ዙር እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ መቀመጫው መነቃነቁን ሲያቆም ይቁም እጅዎ። ከዚያ በላይ መሳብ ሸክላውን ወይም ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። የውሃው መስመር የፕላስቲክ ዳዶ ከሆነና ውስጡ የራሱ ጎማ ካለው ቴፍሎን አይፈልግም፤ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። መቀመጫው ዙሪያ ወለሉን በሲሊኮን ማሸጉን ይተዉት፤ ነገ ቢያፈስ ውሃው ወደ ውጭ ታይቶ ያስጠነቅቃል፣ ታሽጎ ከሆነ ግን እንጨቱን ከሥር ያበሰብሳል። መቀመጫው በተነሣበት ጊዜ ወለሉን በጣት ይጫኑ፤ ከሰረገደ መጀመሪያ የሚጠገነው እሱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ በብዛት ያለው ተነቃይ ሣጥን ያለው ዓይነት ነው። እዚያ ጎሚኒው የሚገኘው ራሱ ሣጥኑ አፍ ላይ ስለሆነ ሣጥኑን አውጥቶ፣ ባዶ አድርጎና አጥቦ ደጅ ላይ መሥራት ይቻላል፤ የማጽዳቱና የቅባቱ ነገር ግን ያው ነው።

መኪናው ለክረምት ሲቆም ሳህኑን ደረቅ አይተዉት፤ ወራት ደርቆ የከረመ ጎማ ጸደይ ላይ ያፈሳል። ቅዝቃዜ በሌለበት ቦታ ውሃ ይበቃል፣ ሲቀንስ ይጨምሩበታል። በሚበርድበት ቦታ ለአርቪ የሚሸጠውን ሮዝ ፀረ በረዶ ግማሽ ሊትር ያህል ሳህኑ ውስጥ ያስቀምጡ። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው መርዝ ነው፤ እዚህ አይገባም።