ከሐዋሳ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ፦ አስገዳጁ የጥቅምት ዙር ወይስ መደበኛው?

በሐዋሳ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለአሜሪካ ኮሌጅ ለማመልከት ሲነሣ «ኧርሊ ዲሲዥን» በተባለው ዙር ይግባ ወይስ «ሬጉላር» የሚሉትን ይጠብቅ የሚለውን ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ መወሰን አለበት። የመጀመሪያው አስገዳጅ ነው፤ ተማሪው አንድ ኮሌጅ ብቻ መርጦ፣ ከተቀበለው እዚያው ሊገባና ሌሎች ማመልከቻዎቹን ሁሉ ሊሰርዝ ይስማማል፤ በስምምነቱም ላይ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ አብረውት ይፈርማሉ። አማካሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ፊርማው ብዙውን ጊዜ በርዕሰ መምህሩ ላይ ስለሚወድቅ፣ የሚፈርሙት ምን እንደሆነ አስቀድሞ በእርጋታ ማስረዳት ይገባል። «ኧርሊ አክሽን» የሚባለው ግን መልሱ ቀድሞ ይመጣል እንጂ አያስገድድም።

አስገዳጁ ዙር በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ወይም 15፣ ማለትም በጥቅምት 22 ወይም በኅዳር 6 አካባቢ ይዘጋል፤ መልሱም በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሰማል። መደበኛው ከገና በዓላችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይዘጋና መልሱ በመጋቢት ይደርሳል፤ የተቀበሉትን ኮሌጆች አወዳድሮ ለመምረጥ ብዙውን ጊዜ እስከ ሚያዝያ 23 ጊዜ አለ። በቅጹ ላይ የሚታየው የምሽት 11፡59 በእኛ አቆጣጠር ለሌሊቱ ስድስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም ልብ ሊባል ይገባዋል።

ውሳኔውን ከምንም በላይ የሚያከብደው ገንዘብ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን የውጭ አገር ተማሪን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ይቀበላሉ፤ ሦስቱም ግን አስገዳጅ ዙር የላቸውም። አምኸርስት እንዲሁ አቅም ሳያይ ይቀበላል፣ አስገዳጅ ዙርም አለው። አብዛኞቹ ሌሎች ኮሌጆች ግን የተጠየቀው እርዳታ ምን ያህል እንደሆነ በቅበላው ውሳኔ ውስጥ ያስገቡታል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍን እንደሆነ ለእርዳታ ክፍሉ በኢሜይል መጠየቅ፣ የወላጅን የደመወዝ ማስረጃ ወይም የንግድ ግብር ሰነድ አስተርጉሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የቤተሰቡ ድርሻ የሚጠየቀው በዶላር ነው፤ የምንዛሪው ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ዛሬ በብር የተሰላ ድርሻ በሚቀጥለው መስከረም የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የተሰጠው እርዳታ በእርግጥ የማይበቃ ከሆነ ቤተሰቡ ከስምምነቱ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ በእጁ የሚያወዳድረው ሌላ መልስ የለውም። በእኔ እምነት ልዩነቱን ከኪሱ መሸፈን የማይችል ቤተሰብ፣ የኮሌጁን የእርዳታ አሠራር በጽሑፍ ካላረጋገጠ በቀር፣ መደበኛውን ዙር ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዝግጅት ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ተጀምሮ ጥቅምት ሲደርስ የ12ኛ ክፍል ውጤት ገና ስለማይኖር፣ በአስገዳጁ ዙር የሚታየው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለው ብቻ ነው። የ11ኛ ክፍል ውጤቱ የወረደበት ተማሪ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ውጤት ለማስጨመር መደበኛው ይመቸዋል። ውጤቱ የተስተካከለ፣ ድርሰቱ ያለቀና የመምህራን ደብዳቤው የደረሰለት፣ በአንድ ኮሌጅም ልቡ የረጋ ተማሪ ግን ወጪው ከተረጋገጠ የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ጥቅምት ላይ የሚያመለክትም ቢሆን የሌሎቹን ኮሌጆች ቅጽ በኅዳር ሞልቶ ማስቀመጥ አለበት፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ «አልተቀበልንህም» ቢባል የመደበኛው ዙር እስኪዘጋ የሚቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።